ከወለል በታች የሚገባ እንግዳ

በአገራችን ልማድ አዲስ ቤት ሠርቶ ለገባ ሰው «ቤት ለእምቦሳ» ማለት የቆየ ደግ ሥርዐት ነው፤ ባለቤቱም «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ እንግዶቹ ቤቱን እየተዘዋወሩ ይመለከታሉ። ጣራው እንዳያፈስ፣ ግድግዳው እርጥበት እንዳይስብ፣ ወጥ ቤቱ ጢስ እንዳይዝ፣ ሁሉንም ይጠይቃሉ፤ ያመሰግናሉ፤ ወይም በልባቸው ያማሉ። ከወለሉ በታች ያለው መሬት ወደ ቤቱ ምን እንደሚልክ የሚጠይቅ ግን ከመቶ አንድ አይገኝም። እኛም ዛሬ በጅቡቲ ከተማ ለሚኖሩት አንባቢዎቻችንና ቤተ ሰቦቻቸው ልንነግራቸው የፈለግነው ስለዚሁ ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የዚህ ስውር እንግዳ ስሙ ራዶን ይባላል። ራዶን የአየር ዐይነት፣ ማለት ጋዝ ነው። መልክ የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ጣዕም የለውም፤ ዐይን አያቃጥልም፤ ጕሮሮ አይከረክርም። የትውልድ ሐረጉም እንደሚከተለው ነው። ዩራኒየም የተባለው ማዕድን በየትኛውም አፈርና ድንጋይ ውስጥ ጥቂት ጥቂት ተበትኖ ይገኛል። ይህ ማዕድን በሺሕ ሚሊዮን በሚቈጠሩ ዓመታት ቀስ በቀስ እየፈረሰ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ በለውጡም መካከል ራዲየም ይሆናል፤ ራዲየሙም በተራው ሲፈርስ ራዶንን ይወልዳል። አያትና አባት ድንጋይ ሲሆኑ ልጁ አየር መሆኑ ያስገርማል። እነርሱ በተቀበሩበት ሲቀሩ እርሱ በአፈሩ ቀዳዳ እየሾለከ ወደ ላይ ይወጣል። በሜዳ ላይ ቢወጣ ነፋስ ወዲያው ይበትነዋልና የሚያደርሰው ጉዳት እምብዛም አይደለም። በቤት ሥር ቢወጣ ግን በሊሾው ስንጥቅ፣ በግድግዳውና በወለሉ መጋጠሚያ፣ የውሃ ቧንቧ በሚገባበት ቀዳዳ እየገባ፣ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይከማቻል።

ራዶን በትንፋሽ ገብቶ በትንፋሽ ሊወጣ ይችላል፤ ዋናው ጉዳት ከእርሱ ይልቅ ከልጆቹ ይመጣል። ምክንያቱም ራዶን በአራት ቀን ገደማ ውስጥ ግማሹ ይፈርሳል፤ ከእርሱም የሚወለዱት እንደ ፖሎኒየም ያሉት ደቃቅ ነገሮች ጋዝ አይደሉምና በአቧራና በጢስ ብናኝ ላይ ተለጥፈው ወደ ሳንባ ገብተው እዚያው ይቀመጣሉ። ተቀምጠውም አልፋ የተባለውን ጨረር ይረጫሉ። አልፋ ከሌሎቹ ጨረሮች ሁሉ ደካማ መስሎ ይታያል፤ አንዲት ወረቀት ትመልሰዋለች፤ የሰው ቆዳም ያግደዋል። ነገር ግን የሳንባ ውስጠኛው ገጽ እንደ ቆዳ ያለ መከላከያ ስለሌለው ጨረሩ በቅርብ ያገኘውን ሕዋስ ይመታል። ይህ ነገር በየቀኑና በየሌሊቱ ለብዙ ዓመታት ሲደጋገም የሳንባ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል።

እዚህ ላይ አማርኛ ለሚማሩ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲነገር ካንሰር ማለት ሊሆን ይችላል፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ግን ብዙ ሰው የሚረዳው በሳልና በምራቅ የሚተላለፈውን፣ ቲቢ የተባለውን በሽታ ነው። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «የሳንባ ካንሰር» ብለናል። ይህን መለየት ለቃል ትምህርት ብቻ የሚጠቅም አይምሰላችሁ፤ የውጭ አገር ሐኪሞችም ለብዙ መቶ ዓመታት ሁለቱን ሲያደባልቁ ኖረዋል።

የቈፋሪዎቹ በሽታ

በጀርመን አገር፣ በሳክሶኒ አውራጃ፣ ሽኔበርግ የሚባል የማዕድን መንደር አለ። በዚያ አካባቢ ብር ሲቈፍሩ የኖሩ ሰዎች ገና በጐልማሳነታቸው እያሳሉና እየከሱ ይሞቱ ነበር። ስለ ማዕድን ሥራ መጽሐፉ በ1556 የታተመው ጆርጅ አግሪኮላ የተባለው ሊቅ፣ በካርፓትያ ተራሮች የማዕድን መንደሮች ባሎቻቸው በዚህ በሽታ እያለቁ እስከ ሰባት ጊዜ ያገቡ ሴቶች እንዳሉ መዝግቧል። ሕዝቡ ነገሩን ለተራራ አጋንንት ይሰጠው ነበር፤ ሐኪሞቹም የሳንባ ነቀርሳ ነው ይሉ ነበር። በ1879 ሄርቲንግና ሄሰ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የሽኔበርግን ቈፋሪዎች አስከሬን መርምረው በሽታው በሳንባ ላይ የሚበቅል ዕጢ መሆኑን ገለጹ። ጋዙ ራሱ ግን ገና አልታወቀም ነበር። ፍሪድሪክ ዶርን የተባለው ጀርመናዊ ከራዲየም የሚወጣውን አየር ያስተዋለው በ1900 ነው፤ የቈፋሪዎቹ ሞት ከዚህ አየር ጋር እስኪያያዝ ድረስም ሌላ ብዙ ዓመት አለፈ።

እስከዚያ ድረስ ነገሩ የጕድጓድ ሠራተኞች ጣጣ ብቻ ነበር። በተራ ሰው ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ አደጋ ይኖራል ብሎ የጠረጠረ ሰው ጥቂት ነበር። ይህን ሐሳብ የለወጠው በአሜሪካ፣ በፔንሲልቫኒያ ግዛት፣ በ1984 ታኅሣሥ ወር ገደማ የደረሰ ነገር ነው። ሊመሪክ በተባለው የአቶም ኤሌክትሪክ ጣቢያ የሚሠራ አንድ መሐንዲስ በበሩ ላይ የቆመው የጨረር መቈጣጠሪያ መሣሪያ በጮኸበት ቍጥር ይያዝ ነበር። የሚያስደንቀው ግን ሰውየው ከሥራ ሲወጣ ብቻ ሳይሆን ጧት ከቤቱ ሲመጣም መሣሪያው መጮኹ ነው፤ ጣቢያውም ያን ጊዜ ገና ኀይል ማመንጨት አልጀመረም ነበር። ቤቱ ሲመረመር በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ አንድ መቶ ሺሕ ቤክሬል ያህል ራዶን ተገኘበት። ቤክሬል ማለት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ አንድ አቶም ሲፈርስ የሚቈጠርበት ልክ ነው። ሰውየው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከቤቱ ወጣ፤ ወለሉ ተደፍኖ ከሥሩ ያለው አየር በቧንቧ ወደ ጣራ እንዲወጣ ከተደረገ በኋላ በ1985 ተመልሶ ገባ። ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኛን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን የጎረቤቱ ነገር ነው። ከአጠገቡ በነበረው ቤት የተገኘው ራዶን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። አንድ መሬት፣ አንድ መንደር፣ አንድ ዐይነት ቤት፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ጤነኛ!

የትንሽ ገጠር መንደርን ነገር ከፈለግን ደግሞ በኦስትሪያ፣ በቲሮል ተራሮች መካከል ያለችውን ኡምሐውዘንን ማየት ይበቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሁለት ሺሕ ስድስት መቶ ያህል ነዋሪዎች የነበሩባት ይህች መንደር በሳንባ ካንሰር የሚሞተው ሰዋ ከአካባቢው ሁሉ በዝቶ በመታየቱ የኢንስብሩክ ሊቃውንት መሣሪያቸውን ይዘው ከቤት ወደ ቤት ሄዱ። ከመንደሯ በአንደኛው ወገን ባሉት ቤቶች የተገኘው ልክ በሌላው ወገን ካለው ዐሥር እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ በአንድ ምድር ቤት ውስጥም ከሁለት መቶ ሺሕ ቤክሬል በላይ ተለካ። ምክንያቱ ሲመረመር ከብዙ ሺሕ ዓመት በፊት ከፍ ያለ ተራራ ተንዶ ነበር። የተናደው ግራናይት መሰል ድንጋይ እንደ ቈሎ ተሰባብሮ ስለ ነበር በስብርባሪው መካከል ያለው ባዶ ቦታ ለጋዙ መንገድ ሆነለት። የመንደሯ አባቶች ቤታቸውን በዚያ ላይ ሲሠሩ ቦታው ደልዳላና ውሃው የሚንዠቀዠቅ መሆኑን አይተው ነው። ማን ይፈርድባቸዋል?

የጅቡቲ መሬትና የጅቡቲ ቤት

ከተማችን ጅቡቲ የቆመችበት መሬት ሁለት ዐይነት ነው። በባሕሩ ዳር ያለው የቀድሞው ክፍል፣ ከ1888 ጀምሮ የተሠራው፣ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ አምባ ላይ ተቀምጧል፤ ፕላቶ ዱ ሴርፓን፣ ይኸውም የእባብ አምባ የሚባለው ሰፈር የዚሁ ወገን ነው። ዛሬ የነጻነት ቀን ስም የተሰጠው፣ ሕዝቡ ግን አሁንም መነሊክ እያለ በሚጠራው አደባባይ ዙሪያ የሚታዩት፣ ደጀ ሰላም የመሰለ ቅስት ያላቸው ነጫጭ ቤቶች ውበት ከዚሁ ከኮራል ድንጋይና ከኖራ የመጣ ነው። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ባልባላ ሲወጡ ደግሞ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ይጀምራል። አገሩ ሁሉ የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ልጅ ነው። በ1978 ኅዳር ወር አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ ከአሳል ሐይቅ አጠገብ ለአንድ ሳምንት ያህል እሳት ሲተፋ የቆየበት መሬት ከከተማዋ ሩቅ አይደለም።

ጥቁር ድንጋይ፣ ሊቃውንት ባዛልት የሚሉት፣ በዩራኒየም ድኻ ነው። ግራናይት በአንድ ሚሊዮን እጅ ውስጥ አራት እጅ ያህል ሲይዝ ባዛልት ብዙውን ጊዜ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ይህ ለጅቡቲም፣ አብዛኛው ደጋው በባዛልት ለተሸፈነው ለኢትዮጵያም መልካም ወሬ ነው። ኮራል ግን ሲያድግ ከባሕሩ ውሃ ጥቂት ዩራኒየም በአካሉ ውስጥ ያስቀራል፤ ሊቃውንትም የጥንት ኮራልን ዕድሜ የሚቈጥሩት በዚሁ ነው። ከዚህም በላይ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ስለ ሆነ ከሥሩ ያለው አየር በቀላሉ ያልፍበታል። እንዲሁም በጅቡቲ ሰሜናዊ ክፍል፣ በማብላ ተራሮች ያለው ራዮላይት የተባለው ቀላ ያለ የገሞራ ድንጋይ ዘመዱ ከባዛልት ይልቅ ወደ ግራናይት ያደላል። ስለዚህ «አገራችን ጥቁር ድንጋይ ነውና አያገባንም» ብሎ መተኛት፣ የኡምሐውዘንን ሁለት ወገን ካየን በኋላ፣ ከአስተዋይ ሰው የሚጠበቅ አይደለም።

ቤቱንስ ብንመለከት? የቀድሞው የጅቡቲ ቤት ለራዶን የሚመች አልነበረም። ጣራው ከፍ ያለ፣ በረንዳው ሰፊ፣ መስኮቱ ባለ ፍርግርግ ነበርና የባሕሩ ነፋስ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር። የእንጨትና የቆርቆሮ ቤቶችም ቢሆኑ ነፋስ የማያስገቡበት ጊዜ የለም፤ ይህን ነዋሪዎቹ በአቧራው ብዛት ያውቁታል። አዲሱ የብሎኬት ቤት ግን ሌላ ጠባይ አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሐምሲን የሚባለው ትኵስ ነፋስ ሲነሣና ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ዐቅም ያለው ሰው መስኮቱን ዘግቶ፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ወትፎ፣ የኤር ኮንዲሽነር መሣሪያውን ይከፍታል። ከ2011 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ከኢትዮጵያ መምጣት በመጀመሩም የመሣሪያው ብዛት እየጨመረ ሄዷል።

ብዙ ሰው ግን ይህ መሣሪያ አየር ከውጭ የሚያመጣ ይመስለዋል። በየመኖሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ዐይነት የሚሠራው እንዲህ አይደለም። የክፍሉን አየር ራሱን ስቦ፣ አቀዝቅዞ፣ መልሶ ወደዚያው ክፍል ይነፋዋል፤ በውጭ በኩል የተቀመጠው ክፍሉ የሚያወጣው ሙቀትን ብቻ ነው። እንግዲህ አባት፣ እናትና ልጆች በምድር ቤት ክፍል ስምንት ሰዓት ሲተኙ የሚተነፍሱት ያንኑ አንድ አየር እያመላለሱ ነው ማለት ነው። እውነት ለመናገር በብርድ አገር ያለው ችግር ከዚህ ይከፋል፤ እዚያ ቤቱ በእሳት ሲሞቅ የሞቀው አየር ወደ ጣራ እየወጣ በወለሉ በኩል የመሬቱን አየር እንደ ጡት ይስባል። በጅቡቲ ማንም ምድጃ ስለማያነድ ይህ መሳብ የለም። ሆኖም የተዘጋ ክፍል የተዘጋ ክፍል ነው።

ውሃውን በተመለከተ ጥቂት ቃል ይበቃል። ከጥልቅ ጕድጓድ የወጣ ውሃ ራዶን ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ሲፈላ ወይም በሻወር ሲረጭም ጋዙ ወደ አየር ይወጣል። ይሁን እንጂ ከ2017 ጀምሮ ከኢትዮጵያ፣ ከሐዲጋላ ሜዳ በ102 ኪሎ ሜትር ቧንቧ የሚመጣው ውሃ፣ በመንገድ ላይና በማጠራቀሚያ ሲቆይ፣ ኋላም በየቤቱ ጣራ ላይ ባለው ሮቶ ውስጥ ሲውል ሲያድር፣ የያዘውን ራዶን እየለቀቀና ራዶኑም በራሱ ጊዜ እየፈረሰ ይሄዳል። የጅቡቲ የቤት እመቤት ከጕድጓድ ውሃ ጋር የቆየችበት ክርክር ስለ ጨውነቱ ነው፤ ያም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

መለካት እንጂ መገመት አይበቃም

በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የሚኖሩ ሰዎች ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ትምህርት በጥርሳቸውና በአጥንታቸው ተምረዋል። በወንጂ፣ በመተሐራና በዝዋይ አካባቢ የጕድጓዱ ውሃ ጥርት ያለና ለመጠጥ የሚጋብዝ ነው፤ ነገር ግን ከገሞራው ድንጋይ ፍሎራይድ የተባለውን ንጥረ ነገር ይዞ ይወጣል። የዓለም የጤና ድርጅት ያሳሰበው ልክ በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ሲሆን፣ በብዙ ጕድጓዶች የተገኘው ከዚህ እጅግ የላቀ ነው። ይህን ውሃ እየጠጡ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው ይበልዛል፤ ለብዙ ዓመት የጠጡ ሠራተኞችም ወገባቸውና አንገታቸው ይደርቃል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ ነገሩን በሰፊው እስካጠኑት ድረስ የበለዘ ጥርስ የአገሩ ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። በዚያም ቢሆን አንዱ ጕድጓድ ንጹሕ ሆኖ ብዙም ያልራቀው ሌላው የተበላሸ መሆኑ የታወቀው፣ ከእያንዳንዱ በጠርሙስ ተቀድቶ በላቦራቶሪ ከተለካ በኋላ ነው።

የራዶን መለኪያ ከዚህም የቀለለ ነው። አንደኛው መንገድ በከሰል ነው፤ ይህን ስንል ግን ቡና የምናፈላበትን ከሰል ሳይሆን ለዚህ ሥራ ተዘጋጅቶ በቆርቆሮ ጣሳ የታሸገውን ማለታችን ነው። ጣሳው ተከፍቶ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን በክፍሉ ውስጥ ሲቀመጥ ከሰሉ ጋዙን ይመጠዋል፤ ወዲያውም ታሽጎ ወደ መርማሪው ይላካል። ራዶኑ በየቀኑ ስለሚፈርስ መላኩ መዘግየት የለበትም፤ ለዚህም ላቦራቶሪ በቅርብ ለሌለበት አገር ይህ መንገድ አይመችም። ሁለተኛው የተሻለ ነው። የመነጽር ብርጭቆ ከሚሠራበት ፕላስቲክ የተቈረጠች፣ ከጣት ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ ቁራጭ በትንሽ ክዳን ውስጥ ትቀመጣለች። ኤሌክትሪክ አያሻትም፤ ድምፅ የላትም፤ ልጆች ካልጣሏት በቀር የምትጠይቀው ነገር የለም። በሦስት ወር ወይም በዓመት ጊዜ ውስጥ እያንዳንዱ የአልፋ ጨረር ፕላስቲኩን ሲመታ ዐይን የማያየው ጠባሳ ይተውበታል። በላቦራቶሪ በኮስቲክ ሶዳ ስትታጠብ ጠባሳዎቹ ይሰፋሉ፤ ከዚያም በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ይቈጠራሉ። ቤቱ የጻፈው ደብዳቤ በዚህ ዐይነት ይነበባል።

መለኪያዪቱን የትም ማኖር አይገባም። ሰው ብዙ ሰዓት የሚያሳልፍበት የምድር ቤት ክፍል፣ በተለይ መኝታ ቤት፣ የተመረጠ ነው፤ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት በእንፋሎታቸው ምክንያት አይሆኑም። ከመስኮትና ከኤር ኮንዲሽነሩ ነፋስ መራቅ፣ ሰው ተቀምጦ ወይም ተኝቶ በሚተነፍስበት ከፍታ መሆን አለባት። በፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ለመጨነቅ ያለው ምክንያት አነስተኛ ነው፤ ጋዙ የሚመጣው ከመሬት ነውና።

ውጤቱ ሲመጣ እንዴት እንደሚነበብ ማወቅ ያስፈልጋል። ከቤት ውጭ ያለው ነጻ አየር በሜትር ኩብ ከ5 እስከ 15 ቤክሬል ይይዛል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 ባወጣው መመሪያ አገሮች ለመኖሪያ ቤት 100 ቤክሬልን ልክ እንዲያደርጉ፣ ይህ ባይቻል ግን ከ300 እንዳያልፉ አሳስቧል። በአማካይ መቶ ቤክሬል በተጨመረ ቍጥር የሳንባ ካንሰር አደጋ በመቶ 16 ያህል ይጨምራል፤ በዓለም ላይም እንደየአገሩ ሁኔታ ከሳንባ ካንሰር ሁሉ በመቶ ከ3 እስከ 14 የሚሆነው በራዶን ምክንያት የሚመጣ ነው ተብሎ ይገመታል። ኢትዮጵያ ከ1957 ጀምሮ፣ ጅቡቲም ከ2015 ጀምሮ የዓለም አቀፉ የአቶም ኀይል ድርጅት አባሎች ስለ ሆኑ፣ እንዲህ ያለውን የልኬት ሥራ በመንግሥት በኩል ለማቀናጀት በሩ ክፍት ነው። ለትምህርት ቤቶችና ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ጥቂት መቶ መለኪያዎች ቢበተኑ ወጪው አንድ መለስተኛ መኪና ከመግዛት የሚበልጥ አይመስለንም።

ከራዶን የሚቀድሙ ሁለት ነገሮች

ስለ ራዶን ይህን ሁሉ ከተናገርን በኋላ፣ በጅቡቲ ላለ ቤተ ሰብ የትኛው አደጋ ይበልጣል ብሎ ለሚጠይቀን ሰው ያለ ማመንታት የምንመልሰው፣ አስቀድሞ ፈርኔሎውን እንዲያይ ነው። ብዙዎቹ የአገራችን ሰዎች በስደትም ሆነ በሥራ በዚህች ከተማ ሲኖሩ የቡናውን ሥርዐት አልተዉም፤ መተውም አይገባቸውም። ነገር ግን ኤር ኮንዲሽነሩ እንዳይባክን በሩና መስኮቱ በተዘጋበት ክፍል ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ሞትን ረከቦቱ አጠገብ እንደ ማስቀመጥ ያህል ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድም እንደ ራዶን መልክና ሽታ የለውም፤ ልዩነቱ ራዶን ሠላሳ ዓመት ሲፈልግ ይህኛው አንድ ሌሊት የሚበቃው መሆኑ ነው። «ጢሱ እስኪያልቅ ውጭ አቀጣጥዬ ነው ያስገባሁት» የሚለው የተለመደ ማመካኛ አያድንም። ጢሱ አልቆ የቀላው ፍም ነው መርዙን የሚያወጣው። ራስ ሲከብድ፣ ሲያዞርና ሲያቅለሸልሽ ቡናው ጠንክሮብኝ ነው ሳይሉ ወዲያው ከክፍሉ መውጣት ይገባል።

ሁለተኛው ትምባሆ ነው። ከእኩለ ቀን በኋላ ከኢትዮጵያ የመጣው ጫት በየሰፈሩ ሲዳረስ፣ ወንዶቹ መብረዝ በሚሉት ምንጣፍ በተነጠፈበት ክፍል ተሰብስበው እስከ ማታ ይቀመጣሉ፤ እኛ በርጫ የምንለው መሆኑ ነው። መስኮቱ ይዘጋል፤ መጋረጃው ይወርዳል፤ ሲጋራው አንዱ ከአንዱ ይቀጣጠላል። አስቀድመን እንደ ተናገርነው የራዶን ልጆች ተሳፍረው ወደ ሳንባ የሚገቡት በብናኝ ላይ ነው፤ የትምባሆ ጢስ ደግሞ ብናኝ በብናኝ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከራዶን የሚደርስበት የካንሰር አደጋ ከማያጨሰው ሰው 25 እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ የዓለም የጤና ድርጅት ይገምታል። በዚያው ቤት የሚኖሩት ሴቶችና ሕፃናት ምንም ሳያጨሱ የጢሱን ድርሻ ይቀበላሉ። ስለዚህ የራዶን መለኪያ ለመግዛት የሚያስብ አባወራ በአንድ እጁ ሲጋራ ይዞ ቢሆን፣ እጁን ከመለኪያው በፊት ወደ መተርኮሻው ቢሰድ ይሻለዋል።

ልኩ ከፍ ብሎ ለተገኘበት ቤት መፍትሔው እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። የወለሉን ስንጥቅና የቧንቧውን ዙሪያ መድፈን የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ብቻውን ግን እምብዛም አይበቃም። ፍቱኑ መንገድ ከሊሾው በታች ያለውን አየር በአንድ ቧንቧና በትንሽ ቬንቲሌተር እየሳቡ ከጣራ በላይ ማውጣት ነው፤ ይህም ልኩን ከግማሽ በላይ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ እጅግ አብልጦ ይቀንሰዋል። አዲስ የሚሠራ ሰውማ ዕድለኛ ነው። ሊሾው ከመፍሰሱ በፊት ጠጠር አንጥፎ፣ በላዩ ወፍራም ፕላስቲክ ዘርግቶ፣ አንዲት ቧንቧ ወደ ላይ ቢያሳልፍ የሚጨምረው ወጪ ለሙሉ ቤቱ ከሚያወጣው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን ያንኑ ለማድረግ ወለል መስበር ይመጣል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው የአባቶች ቃል ለሲሚንቶም ይሠራል።

በመጨረሻ ስለ ጊዜው አንድ ነገር እንጨምር። በአውሮፓ ባለሙያዎች የራዶን መለኪያ በክረምት እንዲቀመጥ የሚመክሩት ያን ጊዜ ቤቱ ስለሚዘጋ ነው። ከዚያ የመጣ መመሪያ ላይ የተጻፈውን ወር እንዳለ ገልብጦ በጅቡቲ መሥራት ስሕተት ላይ ይጥላል። በኅዳርና በታኅሣሥ የዚህች ከተማ መስኮት ሁሉ ክፍት ነው፤ ያን ጊዜ የተለካ ቤት ንጹሕ መስሎ ይታያል። የጅቡቲ ቤት የሚዘጋው በበጋው ሐሩር ነውና፣ መለኪያዪቱ ከሰኔ መጀመሪያ እስከ መስከረም ብትቀመጥ፣ ቤቱ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ስለማይዘጋም ከኅዳር እስከ የካቲት ሌላ ሁለተኛ መለኪያ በዚያው መደርደሪያ ላይ ብትከተላት፣ የሁለቱ አማካይ ለቤተ ሰቡ እውነተኛውን ልክ ይነግራል።